ለማንም እንዳትናገሪ

የትናየት ከጎንደር ወደ ደባርቅ የመጣችው ሶሻል ወርክ ልትማር ነው። ልቧ የሻተው ግን ሕግ ነበር፤ ሕግን ሞልታ ሶሻል ወርክ ደረሳት። የመጀመሪያውን ዓመት ብርዱንና ዕጣዋን ስታማርር ከረመች። በሁለተኛው ዓመት የበጎ ፈቃድ ክበብ ገባችና ነገሩ ተለወጠ። ቅዳሜ ቅዳሜ ጥቂት ተማሪዎች ሆነው ሳሙናና ምላጭ ይዘው፣ ዳቦ በፌስታል ቋጥረው ወደ መናኸሪያው ይወርዳሉ። ጎዳና የሚያድሩትን ሰዎች ልብስ ያጥባሉ፣ ጠጉር ይላጫሉ፣ የታመመ ካለ ደግፈው ጤና ጣቢያ ያደርሳሉ። የማታውቀው ሰው ሁሉ "ልጄ፣ እድግ በይ" ሲላት ውሎ ሲያድር ትምህርቱም ይጥማት ጀመር። በሦስተኛው ዓመት የክበቡ ሰብሳቢ አደረጓት።

መናኸሪያው ውስጥ ካሉት ሁሉ ዓይኗ ያረፈው በአንድ ሽማግሌ ላይ ነበር። አያ ባዘዘው ይባላሉ። ረጅም፣ ከሲታ፣ ጋቢያቸው የተጣፈ ግን ንጹሕ የሆነ ሰው ናቸው። ከበየዳ የሚመጡት አይሱዙዎች ጭነት በሚያራግፉበት በኩል፣ ግንቡን ተደግፈው ይቀመጣሉ። እጃቸውን ለልመና ዘርግተው አያውቁም፤ የሰጣቸውን ግን አይመልሱም። ተማሪዎቹ ጋቢያቸውን ሊያጥቡላቸው ሲጠይቁ "እጅ አለኝ እኮ" ይላሉ። ዳቦ ሲሰጧቸው ይመርቁና ግማሹን ቆርሰው አጠገባቸው ለሚቀመጠው ዓይነ ስውር ያቀብላሉ።

"አባባ፣ ለምን ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ አይቀመጡም? እዚያ ምጽዋቱ ይሻላል" አለቻቸው አንድ ቀን።

"እዚህ ይሻለኛል። ያገሬን መኪና አያለሁ" አሏት።

የትናየት ሰው መቅረብ ትችልበታለች። አትቸኩልም። ሻይ በላስቲክ ኩባያ ይዛላቸው ትመጣና አጠገባቸው ድንጋይ ላይ ቁጭ ብላ ስለ ጎንደር፣ ስለ እናቷ፣ ስለ ፈተናዋ ትነግራቸዋለች። እሳቸውም ስለ ገብስ ይነግሯታል፤ ውርጭ ስለሚመታው ማሳ፣ ጭላዳ ዝንጀሮ እየነቀለ ስለሚጨርሰው አዝመራ፣ በቧሂት ተራራ በኩል ጉም ሲወርድ መንገድ ስለሚጠፋበት በቅሎ። ስለ ራሳቸው ግን ምንም አይሉም። እንዲህ እያሉ ክረምቱ አልፎ ኅዳር ገባ።

ኅዳር ላይ ደባርቅ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። አንድ ቀን ጧት ፀሐይ ወደሚመታው በኩል ተጠግተው ሳለ፣ አያ ባዘዘው ኩባያውን በሁለት እጃቸው እንደያዙ ድንገት፦

"ልጅ አለችኝ" አሏት። "ሥራዬ ትባላለች።"

የትናየት አላቋረጠቻቸውም። ዝም ማለትን ተምራለች።

ሥራዬ አንድያ ልጃቸው ናት። እናቷ ስትሞት አያ ባዘዘው መሬቱንም ቤቱንም ለሷ ለቀው ከሷና ከባሏ ጋር መኖር ጀመሩ። ባሏ ይግዛው ታታሪ ሰው ነው፤ ክፋት የለበትም። ሁለቱን ያጣላቸው ባሕር ዛፍ ነው። ይግዛው የገብሱን ማሳ ባሕር ዛፍ ልትከልበት አለ፣ ሽማግሌው "ከአባቴ የተረከብሁትን ማሳ በቁሜ ጫካ አታደርገውም" አሉ። ጠቡ ከማሳው ወደ ቤት ገባ። ማዕድ ሲቀርብ እሷን መሐል አስቀምጠው ይነታረካሉ። ኋላ ይግዛው ዱላ አነሣ። አልመታቸውም፤ ግን አነሣ፤ ልጃቸው መሐል ገብታ ጮኸች።

"ያን ለት አሰብሁ። እኔ ካለሁ የዚች ልጅ ትዳር ይፈርሳል። ጠበል እሄዳለሁ ብዬ ወጣሁ፣ በዚያው ቀረሁ።"

"ሲፈልግዎት የመጣ የለም?"

"ዋልድባ ገብቶ መነኮሰ እየተባለ ነው አሉ።" ፈገግ አሉ። "ይባል። ልጄ የለማኝ ልጅ ከምትባል የመነኩሴ ልጅ ብትባል ይሻላታል። ይኸን ላንች ነገርሁ። ለማንም እንዳትናገሪ።"

"አልናገርም።"

"በማርያም?"

"በማርያም።"

እውነቱን ለመናገር፣ የትናየት ያን ጊዜ ልትናገር አላሰበችም። ግን ነገሩ ከነከናት። ምግብ ቤት ወረፋ ስትይዝ፣ ትምህርት ላይ ስትቀመጥ የምታየው እኒያን ሽማግሌና የማታውቃትን ሥራዬን ሆነ። ልጅቱ አባቷ እዚህ ብርድ ላይ መሆኑን ብታውቅ በሩጫ ትመጣ ነበር አለች በልቧ። ልብስ ማጠቡና ዳቦ ማደሉ ድንገት ኢምንት ሆነባት። አባትና ልጅ ማገናኘት! ሙያው ማለት ይኸ አይደለም እንዴ? ስለ ባለጉዳይ ምስጢር ተፈትና ጥሩ ውጤት አምጥታለች፤ ያንን ግን ለፈተና ያጠናችው ነገር እንጂ ለአያ ባዘዘው የማለችው መሐላ አድርጋ አላየችውም።

የክበቡን የፌስቡክ ገጽ የሚይዘው ፀጋው ነው፤ የክፍሏ ልጅ፣ ስልኩ ከእጁ የማይወርድ። ጥቂቱን ነገረችው። ከዚያ ሁሉንም ነገረችው።

"እና ምን እንጠብቃለን?" አለ ፀጋው። "ቪዲዮ ሠርተን እንልቀቀው፤ ልጅቱ በሳምንት ውስጥ እዚህ ናት።"

"እሳቸው እሺ አይሉም።"

"ስላፈሩ ነዋ። ልጃቸውን ሲያዩ ግን ይመርቁሻል።"

ይኸን ቃል ፈልጋው ነበርና አልተከራከረችም።

በዚያው ቅዳሜ አያ ባዘዘው ለመጀመሪያ ጊዜ ጥፍራቸውን እንድትቆርጥላቸው እጃቸውን ሰጧት። የትናየት ተንበርክካ ስትቆርጥ፣ ፀጋው ከአንድ ባጃጅ ኋላ ቆሞ ቀረጸ። ድምፁን እሷው ሞላችው፦ "አባታችን አያ ባዘዘው የበየዳ ሰው ናቸው። በቤተሰብ አለመግባባት ከቤታቸው ወጥተው ዛሬ ደባርቅ መናኸሪያ ይገኛሉ። ልጃቸው ሥራዬ ትባላለች። ሥራዬ ሆይ፣ ይኸን ካየሽ አባትሽ እየጠበቁሽ ነው።" ከሥሩ ክራር ገባበት።

ቪዲዮው ተሰራጨ። ሰው አለቀሰ፣ መረቀ፣ "እናንተን የመሰለ ወጣት ያብዛልን" አለ። የትናየት አስተያየቶቹን እያነበበች እሷም አለቀሰች፤ ደስ ብሏት ነበር።

ሰኞ ዕለት የመስክ ልምምዷን የምትቆጣጠረው መምህርት መዓዛ ቢሮዋ አስጠራቻት። መቀመጫ እንኳ ሳታሳያት፦

"ሰውየው ፈቅደዋል?" አለቻት።

"ደስ ይላቸዋል ብዬ ነው።"

"እሱን አልጠየቅሁሽም።"

የትናየት አንገቷን ደፋች። መምህርቷ "አሁኑኑ አውርዱት፤ ከዚያ ሄደሽ ራስሽ ንገሪያቸው" አለች። ወዲያው ከገጹ ወረደ። ነገር ግን ሌሎች ወስደው በየገጻቸው ለጥፈውታል፤ አንዱማ "ልጃቸው ጎዳና የጣለቻቸው አባት" የሚል ርእስ ሰጥቶታል። ሥራዬ አባቷን እንዳልጣለች የትናየት ታውቃለች። ማን ያምናታል?

መናኸሪያ ስትደርስ አያ ባዘዘው የሉም። ዓይነ ስውሩ ብቻውን ተቀምጧል። አንዱ ጫኝ መጣና እየሳቀ፦

"ቪዲዮውን ጧት አሳየኋቸው እኮ! ደስ ይላቸዋል ብዬ ነው" አላት።

"ምን አሉ?"

"ምንም። ድገምልኝ አሉ፣ ደገምሁላቸው። ከዚያ ጋቢያቸውን አራግፈው ተነሡ። የት ነው አባባ ብላቸው አልመለሱልኝም።" ሳቁ ቀስ በቀስ ጠፋ። "ምነው፣ ክፉ ነገር ነው እንዴ?"

የትናየት በየቤተ ክርስቲያኑ፣ በየጠበሉ፣ በየበረንዳው እስከ ማታ ዞረች። በሳምንቱ ደግሞ አንድ የአይሱዙ ሾፌር ግንቡ ሥር ቆሞ ግራ ቀኝ ሲመለከት አገኘችው። በእጁ ትንሽ ስልቻ ይዟል። አለምነህ ይባላል፤ በየዳና ደባርቅ የሚመላለስ ነው።

"አያ ባዘዘውን ነው?" አለችው።

ቀና ብሎ አያት፤ መናኸሪያው ሲመላለስ አይቷት ነበርና አወቃት። "አንች ነሽ ጥፍር የምትቆርጭው?"

"እኔ ነኝ።"

"ይኸ በሶ ነው" አለ ስልቻውን እያሳያት። "በመጣሁ ቁጥር አደርስላቸው ነበር። ሥራዬ ናት የምትልከው፣ ከባሏ ተደብቃ። እሳቸው እዚህ ለምን የሚቀመጡ መስሎሻል? እኔን ሲጠብቁ ነው። እኔ ደህንነቷን እነግራቸዋለሁ፣ ደህንነታቸውን እነግራታለሁ። እንዲያ እየሆነ ይኖሩ ነበር።"

የትናየት ሽማግሌው ይቀመጡበት በነበረው ቦታ ቁጭ አለች። ልጅቱ ታውቅ ኖሯል። ስታውቅ፣ ስትልክ፣ ስትጠይቅ ኖራለች። ያንን ቀጭን ክር የበጠሰው የክበቡ ሰብሳቢ እጅ ነው።

ሥራዬ ከጥቂት ቀን በኋላ በአለምነህ መኪና መጣች። ጥቁር ሻሽ ያሰረች፣ ፊቷ በብርድ የተላጠ፣ የአባቷን ቁመት የወረሰች ሴት ናት። አለምነህ የትናየትን ሲያሳያት ትጮህብኛለች ብላ ጠበቀች። ብትጮህባት ይሻላት ነበር። ሥራዬ ግን ሰላምታ ሰጠቻትና፦

"እህቴ፣ አባቴ የት ሄደ?" ብቻ አለቻት።

"አላውቅም።"

መናኸሪያው አጠገብ ሻይ ቤት ገቡ። ሥራዬ ሻዩን ሳትነካ ነገሩን ተናገረች። ቪዲዮው በየዳ የደረሰው በሰንበቴ ቀን ነው፤ ሰው ተሰብስቦ ሳለ ከደባርቅ ቪዲዮውን ጭኖ የመጣ አንድ ወጣት ስልኩን አወጣ። ይግዛው ከአማቱ ጋር የተጣላበትን ጸጸት "አማቴ መነኮሰ" በሚለው ወሬ አስታግሶ ይኖር ነበር። ያን ቀን በሰው ፊት ውሸታምም ጨካኝም ሆኖ ታየ። ቤት ሲመለስ በሶው ሲላክ እንደነበር አወቀ።

"መታሽ?" አለች የትናየት በፍርሃት።

"አልመታኝም። አያናግረኝም። ዱላ ይሻል ነበር።" ሥራዬ መሬት መሬት አየች። "መነኮሰ ብዬ ያወራሁት እኔ ነኝ። አባቴ ነው በአለምነህ በኩል እንዲያ በይ ያለኝ። አሁን ሰው ሁሉ፣ አባቷን ጥላ በመነኩሴ ስም የምትከበር ይለኛል።"

"ይቅር በይኝ።"

"ምን አስቀየመሽ? ምን አድርጎሽ ነው?" አለች ሥራዬ፤ ስድብ አልነበረም፣ ከልቧ ልትረዳ ፈልጋ ነው። "አንች ልጅ፣ እሱን አንድ ጊዜ ብትጠይቂው ምን ነበረ?"

ሁለቱ ደባርቅን ሲዞሩ ውለው አንድ ቦታ እንኳ "አየነው" የሚል አጡ። ሥራዬ ልጆች ትታ መጥታ ነበርና በማግስቱ ተመለሰች። ስትሳፈር የትናየትን ስልክ ቁጥር ወሰደች። "ከተገኘ ደውይልኝ። እኛ ሰፈር ኔትወርክ የለም፤ እሑድ እሑድ ግን ጉብታው ላይ ወጥቼ እጠብቃለሁ" አለቻት።

ክበቡ ሥራውን ቀጠለ። የትናየት ሰብሳቢነቱን ለቀቀች፤ ልብስ ማጠቡን ግን አልተወችም። ፀጋው ገጹን ዘግቶ ለብዙ ጊዜ አላናገራትም፤ ኋላ አንድ ቀን ምግብ ቤት አጠገቧ መጥቶ ተቀመጠና ምንም ሳይናገር በልቶ ሄደ። እሷ በዕረፍቷ ሁሉ ትፈልጋለች፦ በታች በዛሪማ በኩል፣ በላይ በፓርኩ መንገድ ዳር ባሉት መንደሮች።

ያገኘቻቸው ዳባት ነው፤ ዐቢይ ጾም ውስጥ፣ አንድ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ሥር ከየኔ ቢጤዎች ጋር ተሰልፈው። ከስተዋል። ያስላቸዋል። ሲያዩዋት አልደነገጡም።

"ተምረሽ ጨረሽ?" አሏት።

"ገና ነኝ፣ አባባ።" እግራቸው ሥር ተንበረከከች። "ይቅር ይበሉኝ።"

"ይቅር ለእግዚአብሔር። ተነሽ፣ ሰው ያያል።"

"ሥራዬ ደባርቅ መጥታ ነበር። ፈልጋዎት።"

ፊታቸው ተለወጠ። በትራቸውን እያሻሹ፦ "ደህና ነው በያት። የት እንዳለሁ ግን አትንገሪያት። መጥታ እዚህ ሰልፍ ውስጥ ታየኝ? ስትመለስስ ባሏ ምን ይላታል? በቃ፣ ተይን" አሏት። ጥቂት ቆይተው ደግሞ፣ "አሁንስ ትናገሪ ይሆን?" አሉ።

ጥያቄው እንደ ጥፊ ነበር። "አልናገርም" አለች። በማርያም አላስባሏትም።

ጤና ጣቢያ ልትወስዳቸው ለመነቻቸው፤ ለአንድ ጊዜ እሺ አሉና ሽሮፕ ተሰጣቸው። ከዚያ ወዲያ እንዳትመጣ ነገሯት። ለቤተ ክርስቲያኑ ዘበኛ ለገብረ ክርስቶስ ስልክ ቁጥሯን ሰጥታ ተመለሰች።

ለሥራዬ ልንገራት ወይ ብላ መምህርት መዓዛን ጠየቀቻት። "መጽሐፉ የሚለው ግልጽ ነው። አትናገሪም።"

"እርስዎስ ቢሆኑ?"

"እኔ አላውቅም፣ የትናየት። በእውነት አላውቅም።"

እሑድ ሥራዬ ከጉብታው ላይ ደወለች። ነፋሱ ድምጿን ይቆራርጠዋል።

"አባትሽ ደህና ናቸው" አለቻት የትናየት።

"አገኘሽው? የት ነው?"

"እንዳልናገር አስጠንቅቀውኛል።"

"አንች እኮ ላገር ሁሉ ተናግረሻል" አለች ሥራዬ። "ለኔ ብቻ ነው የማትናገሪው?" ከዚያ ማልቀሷ ተሰማ፣ መስመሩም ተቋረጠ። በሚቀጥሉት እሑዶችም ደወለች፤ መስመሩ ግን ከሁለት ሦስት ቃል በላይ ሳያስወራ ይቆረጣል። የትናየት "ደህና ናቸው" ከማለት በቀር አልተናገረችም። በእያንዳንዱ ጊዜ ከንፈሯን ነክሳ፣ ይኸ ነው ትክክሉ፣ ይኸ ነው ትክክሉ እያለች። ፋሲካ አለፈ።

ግንቦት ላይ ገብረ ክርስቶስ ደወለ። "እኒያ የበየዳው ሽማግሌ ዐረፉ። ሳንባቸው ነው መሰል። ትናንት ቀበርናቸው። ዘመድ ካላቸው ብዬ ነው" አላት።

መርዶውን ያደረሰው አለምነህ ነው። ሥራዬና ይግዛው ዳባት ደረሱ፤ የትናየት ቅጥሩ በር ላይ ቆማ ጠበቀቻቸው። መቃብሩ አዲስ አፈር ብቻ ነበር፤ ዙሪያው ሣር የለም። ሥራዬ ተደፋችበት። ይግዛው፣ የትናየት ክፉ ሰው አድርጋ በሐሳቧ የሣለችው ይግዛው፣ አጭር፣ እጁ የተሰነጣጠቀ፣ ሲያለቅስ አፉን በኩታው የሚሸፍን ሰው ኖሯል።

"ሽማግሌ ተቀምጦ ታርቀን ነበር እኮ" አላት እንባውን እየዋጠ። "ከፋሲካ በፊት። አማቴን ፈልጌ ይዤ ልገባ፣ እግሩ ላይ ልወድቅ፣ ማሳውንም ላልነካ ምያለሁ። በቅሎም ለምኜ አዘጋጅቼ ነበር። የት እንዳለ የሚነግረን ጠፋ እንጂ።"

የትናየት መናገር ባልነበረባት ጊዜ ተናገረች። መናገር በነበረባት ጊዜ፣ ነበረባት ይሆን?፣ ዝም አለች። ሁለቱም አንድ ሽማግሌ ላይ ወደቁ። ይግዛው ማንነቷን ያውቅ እንደሆን ዐይኑን ለማየት አልደፈረችም። ሥራዬ ግን ከአፈሩ ላይ ቀና ብላ አየቻት፤ ታውቃለች። ለባሏ ግን አልተናገረችም።

ለአርባው እንድትመጣ በአለምነህ በኩል ሲነገራት ማመን አቃታት። አትሄድም ብላ ወሰነች፣ ከዚያ ሄደች። መኪናው በቧሂት ጉም ውስጥ ሲያልፍ በረዶ ጀመረ፤ ከጉሙ ወዲያ የገብስ ማሳዎች ተዘረጉ፣ አረንጓዴ፣ ገና ዛላ ያልያዙ። በየዳ ሲደርሱ ካህናቱ ጸሎት ጨርሰው ሰው ማዕድ ላይ ነበር። የትናየት ከሴቶቹ ጫፍ፣ በሩ አጠገብ ተቀመጠች። ጠላ የምታዞረው ሴት አየቻትና ጮክ ብላ፦

"ይች የከተማ ልጅ የማን ናት?" አለች።

ሰው ሁሉ ዞረ። ቪዲዮውን ያየ ብዙ ነው፤ ቪዲዮው ላይ ግን የትናየት የምትታየው ተንበርክካ ከጎን ነበር፣ ያወቃት የለም። ማንነቷን ለመግለጥ አንድ ቃል ይበቃ ነበር።

ሥራዬ ከጓዳ ብቅ ብላ፣ እጇን በቀሚሷ ጠረገች።

"አባቴን የምታውቅ ልጅ ናት" አለች።

እንጀራ አምጥታ ፊቷ አኖረች። ከዚያ ወደ ሌሎቹ እንግዶች አለፈች፤ በዚያን ቀን ሁለተኛ አላናገረቻትም። የትናየት ከፊቷ የቀረበውን ዐየች። እጇን ለመዘርጋት ብዙ ጊዜ ፈጀባት።